ፊውዙ የሚነግረንን እንስማ
(ስለ ቤት መኪና የኤሌትሪክ ሽቦ ብልሽት)

ከዚህ በታች የሚነበበው በወለቃ የሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ላይ በጡረታ የሚገኙ አንድ የመኪና ኤሌትሪክ ባለሙያና የሰፈራችን ነዋሪ ያደረጉት ንግግር ነው። በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።



የዕድራችን ሊቀ መንበር «ስለ መኪና ኤሌትሪክ ጥቂት ንገረን» ብለው ሲጠይቁኝ መጀመሪያ አመንትቼ ነበር። እኔ ሽቦ መቀጠል እንጂ ንግግር ማድረግ አልለመድኩም። ደግሞም በሰፈራችን መኪና ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ የሌለው «እኔን ምን አገባኝ?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ባለፈው ክረምት የሆነውን ሳስታውስ ነገሩ የሁላችንም መሆኑ ገባኝ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ነው። ዝናቡ ይወርዳል። አንዲት ጎረቤታችንን ምጥ ያዛት። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የለም። ልጆቹ ሮጠው መኪና ያለውን ጎረቤት በር አንኳኩ። ሰውየውም እግዜር ይስጠው፥ ሳያቅማማ ቁልፉን ይዞ ወጣ። ነዳጅ አለ፤ ጎማው ደኅና ነው፤ ቦሎው ተለጥፏል። ቁልፉን ሲያዞር ግን መኪናዋ «ቀጭ» ብላ ዝም። ደግሞ አዞረ፤ «ቀጭ»። ልንገፋት ሞከርን፥ መሬቱ ጭቃ ነው፥ እግራችን እየተንሸራተተ አልሆነልንም። በመጨረሻ ከታች ሰፈር ሌላ መኪና እስኪመጣ ድረስ ሴትዮዋ በረንዳ ላይ እየተጨነቀች ቆየች። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ሆስፒታል በሰላም ደርሳ በሰላም ተገላገለች።

ሲነጋ ሄጄ ኮፈኑን ከፈትኩት። ሞተሩ ደኅና ነው። ባትሪውም ደኅና ነው። በባትሪው ራስ ላይ ግን አረንጓዴ የቀላቀለ ነጭ ዱቄት ተከምሯል። በሙቅ ውሃ አጥቤ፥ በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቄ፥ አጥብቄ አሰርኩት። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። የ10 ደቂቃ ሥራ ነበር!

ይህን የምናገረው ባለቤቱን ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም የራሴን ጥፋት ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ የእኔው ይብሳል። ለማለት የፈለግሁት በእኛ ሰፈር መኪና የባለቤቱ ብቻ አለመሆኗን ነው። አንዷ መኪና በሽተኛ ታመላልሳለች፥ ለቅሶ ታደርሳለች፥ ሙሽራ ታጅባለች። እሷ ስትቆም የሚቆመው ብዙ ሰው ነው።

መኪኖቻችን አርጅተዋል

እንደምታውቁት ሁሉ በአገራችን አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። በጎንደር ዙሪያ የምናያቸው ኮሮላዎች፥ ቪትዞችና ሚኒባሶች አብዛኞቹ ከሰው አገር ሠርተው፥ ደክመው የመጡ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር ከባድ ቀረጥ ጣለባቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው፤ በእጃችን ያለችውን መኪና ለብዙ ዓመት ይዘናት መኖራችን ነው።

ባለ መኪና ሁሉ ስለ ሞተርና ስለ ጎማ ያስባል። ዘይት ይቀይራል፥ ነፋስ ያስሞላል። ሽቦውን ግን ማንም አያስታውሰውም፥ ምክንያቱም አይታይም። በምንጣፍ ሥር፥ በበር ማጠፊያ፥ በዳሽቦርድ ውስጥ ተሸሽጎ ይሄዳል። የሽቦው ልባስ ከሞተሩ ሙቀትና ከዓመታት ብዛት የተነሣ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል። በእኛ መንገድ ንቅናቄ ከብረት ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ይላጣል። በዚያ ላይ በየጊዜው የነካካው እጅ አለ፤ አንዱ ቴፕ ይገጥማል፥ አንዱ አላርም፥ አንዱ ተጨማሪ መብራት። ሁሉም ቆርጦ፥ ጠምዝዞ፥ በናስትሮ ጠቅልሎ ይሄዳል። ከ20 ዓመት በኋላ የሚገኘው የዶሮ ማነቂያ ነው።

ኤሌትሪኩ እንዴት ይሄዳል?

ብልሽቱን ለመረዳት መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል። አትፍሩ፥ እንደ ቦይ ውሃ አስቡት።

ኤሌትሪኩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ይነሣል፤ በፊውዝ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ማብሪያው፥ ከማብሪያው ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ነገር ግን አምፖሉ ዘንድ ደርሶ አይቀርም፤ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ መመለስ አለበት። ለመመለሻ ግን ሌላ ረጅም ሽቦ አልተዘረጋለትም፤ የሚመለሰው በራሱ በመኪናው ብረት ነው። ይህን በጋራዥ «ማሳ» እንለዋለን። የገበሬው ማሳ አይደለም፥ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው። ፒንሳ፥ ካቻቢቴ፥ ፍሬቻ፥ ቦቢናም እንዲሁ ከዚያው የመጡ ናቸው። ጣልያን በጎንደር ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ቆይቶ ሲወጣ የጋራዡን ቋንቋ ትቶልን ሄደ።

እንግዲህ ሦስት ዓይነት ጥፋት አለ። ሽቦው ተቆርጦ መንገዱ ከተዘጋ መብራቱ ይጠፋል፤ ይህ አያቃጥልም። መገናኛው ዝጎ ወይም ላልቶ መንገዱ ከጠበበ መብራቱ ይደክማል፥ መገናኛውም ይግላል። ሦስተኛውና ክፉው፥ የተላጠ ሽቦ አምፖሉ ዘንድ ሳይደርስ ብረቱን ሲነካ ነው። ያን ጊዜ ኤሌትሪኩ አቋራጭ ያገኛል። ባትሪው ባንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፥ ቀጭኑ ሽቦም እንደ ምድጃ ብረት ይቀላል። ይህን «ሾርት» የምንለው ነው።

«ባለ 12 ቮልት ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፥ በእጅ ቢነኩት አይዝም። እሳት የሚያነሣው ግን ቮልቱ ሳይሆን የአምፔሩ ብዛት ነው። ፊውዝ የተሠራውም ለዚህ ነው። በውስጡ ቀጭን ብረት አለች፤ ከተወሰነላት በላይ ኤሌትሪክ ሲመጣ እሷ ቀድማ ቀልጣ መንገዱን ትቆርጣለች። ሽቦው እንዳይቃጠል እሷ ትሞትለታለች።

የራሴ ጥፋት

አሁን ቃል የገባሁትን ልናገር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ በሙያዬ ላይ ነበርኩ፥ በከተማው የታወቅሁ ኤሌትሪሺያን ነኝ ብዬ የምኮራበት ጊዜ። አንዲት አሮጌ ኮሮላ ነበረችኝ። የኋላ መብራቷ ፊውዝ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቃጠላል። እኔም እቀይራለሁ። ይቃጠላል፥ እቀይራለሁ። የሰው መኪና ቢሆን ኖሮ ምክንያቱን ሳልፈልግ አልለቀውም ነበር። የራሴ ሲሆን ግን «ነገ አየዋለሁ» እያልኩ አሳደርኩት። ልብስ ሰፊ ልብሱ ቀዳዳ ነው የሚባለው ይኸው ነው።

አንድ ቀን ለለቅሶ ወደ ዳባት ለመሄድ ስንነሣ ፊውዙ ተቃጥሎ አገኘሁት። መለዋወጫ የለኝም፤ ሱቅ ተዘግቷል። ምን ልበላችሁ፥ አንዲት የመዳብ ሽቦ ቆርጬ በፊውዙ ቦታ ሰካሁና መብራቱ በራ። «ይኸው ሆነ!» አልኩ። ባለቤቴን፥ አማቴንና ሁለት ልጆቼን አሳፍሬ ሄድኩ።

ስንመለስ መሽቷል። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ወደ ኮሶዬ ስንቃረብ ትንሿ ልጄ «አባዬ፥ ላስቲክ ይሸተኛል» አለችኝ። እኔም «ከውጭ ነው» አልኳት። ሁለት ኩርባ እንዳለፍን ከዳሽቦርዱ ሥር ጢስ ወጣ። ወዲያው መብራቱ በሙሉ ድርግም አለ። በቀኝ በኩል ገደል ነው፤ ጭለማ ነው፤ ጉም አለ። እንዴት እንዳቆምኳት ዛሬም አላውቅም። ልጆቹን በግራ በር አወጣናቸው። ባለቤቴ በነጠላዋ አፈር እያፈሰች ታቀብለኛለች፥ እኔ በ10 ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ራስ ለመፍታት እታገላለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። ሦስተኛው ላይ ፈታሁት፤ አፈሩን ስንደፋበትም እሳቱ ሞተ።

ሲነጋ ስመረምር ከኋላ ዕቃ መጫኛው ክዳን ማጠፊያ ዘንድ ሽቦው ከብረቱ ጋር ተፋትጎ የጣት ጥፍር ያህል ተልጧል። ብልሽቱ ይኸው ነበር። በናስትሮና በአንዲት የጎማ ቱቦ ቁራጭ የሚያልቅ ሥራ! ፊውዙ ግን ለሁለት ወር ሲጮህልኝ ነበር።

አማቴ፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ነገሩን ካስረዳኋቸው በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፥ ያ ትንሽ ነገር እየነገረህ ኖሮ ለምን ዝም አሰኘኸው?» መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፊውዝ ቦታ ሽቦ የሰካ ሰው ሳይ ያች ሌሊት ትመጣብኛለች።

ፊውዝ ሲቃጠል ምን እናድርግ?

1ኛ/ በሽቦ፥ በምስማር ወይም በሲጋራ ወረቀት ብር አትተኩ። ይህ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

2ኛ/ በቁጥሩ ተኩ። በአሁኖቹ ስኪ ፊውዞች ላይ ቀለማቸው ይናገራል፤ ቀዩ 10 አምፔር፥ ሰማያዊው 15፥ ቢጫው 20፥ አረንጓዴው 30 ነው። የ10 ቦታ 30 መስካት ሽቦ ከመስካት ብዙም አይሻልም። የሚጠበቀው ሽቦው ነውና።

3ኛ/ ፊውዝ አንድ ጊዜ ቢቃጠል አርጅቶ ሊሆን ይችላል። በማግሥቱ ዳግመኛ ከተቃጠለ ግን እየነገረን ነው። ምን ስናደርግ እንደሚቃጠል አስተውሉ። ፍሬን ስንረግጥ ነው? የኋላ ማርሽ ስናስገባ? በር ስንከፍት? ጉድጓድ ስንመታ? ይህን ለባለሙያው ብትነግሩት የግማሽ ቀን ሥራ ታድኑታላችሁ፥ ገንዘባችሁንም እንዲሁ።

4ኛ/ በመኪናችሁ ውስጥ ሁልጊዜ ከየቁጥሩ ሁለት ሁለት ፊውዝ ይኑር። እኔ ያን ቀን አንድ ፊውዝ ቢኖረኝ መብራቱ ዳግመኛ ሲጠፋ ዳባት ላይ እናድር ነበር እንጂ እሳት አይነሣም ነበር።

ሰፈራችን ወለቃ በሸክላ የታወቀች ናት። ገንቦ የሚገዛ ሰው በጣቱ ኳ አድርጎ ድምፁን ይሰማል፤ የተሰነጠቀ ሲሆን ድምፁ ይለያል። መኪናም እንዲሁ ናት። ሳትሰበር በፊት ትናገራለች፥ የሚሰማ ካለ።

የማሳ ነገር

አንዳንድ ጊዜ የሚገርም ነገር ይታያል። ፍሬቻ ስታበሩ የፊት መብራቱ አብሮ ይርገበገባል። ፍሬን ስትረግጡ የፍሬቻው አምፖል ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ሰው «ጂኒ ገብቷታል» ይላል። ጂኒ አይደለም፥ ማሳ ነው። የመመለሻው መንገድ በዝገት ሲዘጋ ኤሌትሪኩ በሌላ አምፖል በኩል መውጫ ይፈልጋል።

መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ ረጅም ሽቦ አምጥታችሁ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፥ ሌላውን ጫፍ በአምፖሉ ማቀፊያ ብረት ላይ ያዙ። መብራቱ ወዲያው ከደመቀ ጥፋቱ የማሳ ነው። ብሎኑን ፍቱ፥ ቀለምና ዝገቱን ፈቅፍቁ፥ አጥብቃችሁ እሰሩ፥ ቫዝሊን ቀቡ። አምፖል፥ ማብሪያና ባትሪ በከንቱ ከተገዛ በኋላ የአንድ ብሎን ጥፋት ሆኖ የተገኘበትን ጊዜ ብቆጥርላችሁ አይመሽም።

ባትሪና ዲናሞ

መኪና በቀድሞ ጊዜ በእጅ በሚዞር ብረት ነበር የሚነሣው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1911 ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ በኤሌትሪክ የሚያስነሣ ሠራ፤ በማግሥቱም ዓመት በካዲላክ መኪና ላይ ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ ሞተሪኖው ባትሪ ካልረዳው መኪና አትነሣም ማለት ይቻላል። ሞተሪኖው ሲዞር ለጥቂት ሰከንድ ከ100 አምፔር በላይ ይወስዳል። ስለዚህ የባትሪው ራስ ትንሽ ዱቄት ከያዘ መብራቱ ሊበራ፥ ክላክሱ ሊጮህ ይችላል፤ ሞተሪኖው ግን «ቀጭ» ብሎ ይቀራል። ያ የክረምት ሌሊት የሆነው ይኸው ነበር።

ቴስተር ያለው ሰው እንዲህ ያንብብ። መኪናዋ አድራ ጧት ሳትነሣ ባትሪው 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። 12 ቮልት ግድም ከሆነ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ሞተሩ ተነሥቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው እየሠራ ነው። ሞተሩ እየሠራ ከ13 በታች ከሆነ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የዲናሞው፥ የቺንጋው ወይም የሽቦው ነው። ይህን ሳይለኩ አዲስ ባትሪ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሒሳቡንም እንየው። ዋት ለቮልት ሲካፈል አምፔር ይሰጣል። የፊት መብራት አምፖል ብዙውን ጊዜ 55 ዋት ነው። ሁለቱ 110 ዋት፥ ለ12 ሲካፈል 9 አምፔር ከፍ ይላል። 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ መብራቱ ሳይጠፋ ከቀረ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። የ5 ዋት የውስጥ መብራት እንኳ ሳትጠፋ ብትቀር በአራት ቀን ታራቁተዋለች። ለበዓል መኪናውን አቁሞ ገጠር የሚሄድ ሰው ይህን ያስብ።

ብርድም አለ። ወደ ደባርቅ ስንወጣ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይቆረፍዳል። በብርድ ባትሪ ጉልበቱ ይቀንሳል፥ የሞተር ዘይትም ይወፍራል። ጎንደር ላይ እያቃሰተ የሚያስነሣ ባትሪ ደባርቅ ካደረ በማግሥቱ ላያስነሣ ይችላል።

እንክብካቤው ይኸው ነው። በወር አንድ ጊዜ ኮፈኑን ክፈቱ። ዱቄት ካያችሁ በቢካርቦኔትና በሙቅ ውሃ እጠቡ፥ አድርቁ፥ አጥብቁ፥ ቫዝሊን ቀቡ። ስትፈቱ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፥ ስታስሩ መጨረሻ ኔጌቲቩን። እንዲህ ከሆነ ቁልፋችሁ ብረት ቢነካ ሾርት አያደርግም። ውኃው ከጎደለ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ፤ አሲድም የቧንቧ ውሃም አትጨምሩ። አሲዱ ዓይን ያጠፋልና ልጆችን አርቁ።

ተጨማሪ ዕቃ መግጠም

ሌሊት በሊማሊሞ የሚነዱ ወንድሞች «መብራቷ ደክማብኛለች» ብለው በ55 ዋት ቦታ ባለ 100 ዋት አምፖል ይገጥማሉ። ሒሳቡን አሁን ታውቁታላችሁ፤ ሁለቱ ወደ 17 አምፔር ይሆናሉ። ሽቦውና ማብሪያው የተሠሩት ግን ለግማሹ ነው። ማብሪያው ይቀልጣል። መብራት ሲደክም መጀመሪያ የአምፖሉን ሶኬት፥ ማሳውንና የመስተዋቱን ጭጋግ አስመርምሩ። አብዛኛውን ጊዜ የድካሙ ምክንያት ከዚያ ይገኛል።

ግድ መጨመር ካለባችሁ ባለሙያውን ሁለት ነገር ጠይቁት። «የራሱ ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ አለው ወይ? በሪሌ ነው ወይ?» ሪሌ ማለት ትልቁን ኤሌትሪክ እሱ ራሱ ተሸክሞ ማብሪያውን የሚያሳርፍ ዕቃ ነው። ቴፕም፥ ተጨማሪ መብራትም፥ አላርምም ከሌላ ሽቦ ላይ ተላጥቶ የሚቀጠል ከሆነ እምቢ በሉ። የተቀጠለ ሽቦ ደግሞ ጠምዝዞ በናስትሮ መሸፈን አይበቃም፤ ናስትሮ በሞተር ሙቀት ይላቀቃል። በሳልዳቱራ ወይም በሚገባ በተጨመቀ መገናኛ ይሁን።

ክረምት ሲገባ አይጥም አለ። ሙቀት ፍለጋ በሞተሩ ላይ ጎጆ ሠርቶ ሽቦ ይቆራርጣል። እህል የጫነ መኪና ፍርፋሪው ተጠርጎ ይደር፤ ለረጅም ጊዜ የቆመችም መኪና በየሳምንቱ ኮፈኗ ይከፈት።

ሁለት የአደጋ ጊዜ ምክሮች

አንደኛው ከሌላ መኪና ባትሪ መዋስ ነው። በኬብል ስታገናኙ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ቀዩን በደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፥ ሌላውን ጫፉን በደኅናው ፖዘቲቭ እሰሩ። ጥቁሩን በደኅናው ኔጌቲቭ፤ የመጨረሻውን ጫፍ ግን በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ። ምክንያቱም የመጨረሻው ጫፍ ሲነካ ብልጭታ ይወጣል፥ ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ያወጣል፥ ብልጭታ ካገኘው ይፈነዳል። ስታላቅቁ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። በአጠገቡም ሲጋራ አይጨስ፥ ክብሪት አይጫር።

ሁለተኛው የላስቲክ ሽታ ወይም ጢስ ሲመጣ ነው። የልጅ ቃል አትናቁ! ወዲያው ጥግ ያዙ፥ ሞተሩን አጥፉ፥ ሰዉን አውጡ። ከዚያ በኋላ ብቻ፥ እሳቱ ገና ከሆነ፥ ኔጌቲቩን ፍቱ። ከኮፈኑ ሥር ነበልባል ካያችሁ ኮፈኑን ባንድ ጊዜ አትበርግዱት፤ አየር ያገኛል። ማጥፊያ ካለ በደረቅ ዱቄት፥ ከሌለ በአፈር። እሳቱ ከበረታ ራቁ፤ መኪና ይተካል።

አሁን ደግሞ በኤሌትሪክ ብቻ የሚሄዱ መኪኖች ወደ ከተማችን መጥተዋል። በእነሱ ውስጥ ያለው ትልቁ ባትሪ 12 ቮልት አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፥ ሰው ይገድላል። ብርቱካንማ ሽቦ ካያችሁ እኔም ብሆን አልነካውም። ለዚያ የተማረ ሰው ይጠራ።

መደምደሚያ

ወገኖቼ፥ ነገሬን ላሳጥር። ዛሬ ከተናገርኩት ሁሉ አንዱን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። በፊውዝ ቦታ ሽቦ አትስኩ። ፊውዝ ሲቃጠል «ለምን?» በሉ።

ለዕድራችንም ሦስት ነገር ለማሳሰብ እወዳለሁ። አንደኛ፥ በሰፈራችን ያሉ መኪኖች ክረምት ሳይገባ በሰኔ ወር ባትሪያቸው፥ መብራታቸውና ፊውዛቸው ይታይ። ቴስተሬን ይዤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያለ ክፍያ ለማየት ፈቃደኛ ነኝ። ሁለተኛ፥ ዕድሩ አንድ ጥሩ የባትሪ መዋሻ ኬብል ገዝቶ ከድንኳኑ ጋር ያስቀምጥ፤ ሌሊት የፈለገ ይወስዳል፥ ጧት ይመልሳል። ሦስተኛ፥ መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ የኋላ መብራቱ የጠፋበት ጎረቤት ስታዩ ንገሩት። በደባርቅ መንገድ ሲመሽ ሰውም፥ አህያም፥ ከብትም አብሮ ይሄዳል፤ ነጂው የኋላውን መብራት ከመቀመጫው ሆኖ አያየውም፥ እናንተ ግን ታያላችሁ።

ያች ከአምባ ጊዮርጊስ በታች ላስቲክ የሸተታት ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት። መኪና ገዛሁ ስትለኝ መጀመሪያ የሰጠኋት ስጦታ አንድ ሙሉ ሣጥን ፊውዝ ነበር። ሳቀችብኝ፥ ነገር ግን ተቀበለችኝ።

ክረምቱን በሰላም ያውጣን።